የደጋ ዱር አበባን በአይናቹራሊስት መለየት

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በተለይም የደጋ አጋዘን በሚሰማራበት በዲንሾና በጋይሳይ ሜዳ፣ ቀይና ቢጫ ችቦ የሚመስል አበባ በብዛት ይታያል። አበልቢላም፣ አሸንዳም የሚሉት ይህ ተክል ከመሬት በታች ካለው ግንዱ እያቆጠቆጠ ለዓመታት የሚኖር ነው። አይናቹራሊስት የተባለውን ነፃ የስልክ መተግበሪያ የምመዝነው ይህን አበባና ዘመዶቹን ለመለየት በሚሰጠው አገልግሎት ነው።

መተግበሪያው ፎቶውንና የተነሣበትን ቦታ አገናዝቦ ግምቱን ያቀርባል፤ አበባው የሚመደብበትን፣ ክኒፎፊያ የሚባለውን ወገን ለማወቅ ይህ በቂ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዝርያውን ለመለየት ሲፈለግ ነው፤ በአገራችን ሰባት የክኒፎፊያ ዝርያዎች ስላሉ የአበባው ቀለም ብቻውን አያስተማምንም። ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ የሚባለው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ቅጠሉ ሰፊና ረጅም፣ በመካከሉ ታጥፎ ጀርባው ላይ ሸንተረር ያወጣ ነው፤ አበባው ሲፈነዳ የወንዴ ዘንጎቹ ከአበባው አፍ አልፈው ይወጣሉ። ከብት ስለማይደፍረው ግጦሽ በጎዳው ሜዳ ላይም ይበዛል። እርጥበት ባልተለየው የሣር መሬት የሚበቅለው ክኒፎፊያ አይሶኤቲፎሊያ ግን ቅጠሉ እንደ ሣር ቀጭን ነው። ስለዚህ አበባውን ብቻ አጉልቶ ያነሣ ሰው የሚያገኘው መልስ ግማሽ ነው፤ ቅጠሉን ከሥሩ ጀምሮ፣ የበቀለበትን መሬት ጭምር ማንሣት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የወደድሁት የመጨረሻው ፍርድ ለማሽኑ አለመተዉን ነው። ፎቶውን ሌሎች ተጠቃሚዎች ያዩታል፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት በአንድ ስም ሲስማሙና ቀኑና ቦታው የተሟላ ሲሆን፣ መረጃው ለምርምር ብቁ ተብሎ ይመዘገባል። መላሾቹ በጎ ፈቃደኞች በመሆናቸው ግን መልሱ መቼ እንደሚመጣ ዋስትና የለም፤ በእግር ጉዞ ላይ ፈጣን መልስ ለሚሻ ሰው ይህ ጉድለት ነው። የሚሰጠው ስም በአብዛኛው ሳይንሳዊው በመሆኑም፣ የአካባቢውን ስም ከነዋሪዎች ጠይቆ በማስታወሻው ላይ ማስፈር ይበጃል።

ኔትወርክ በሌለበት ፎቶውን አንሥቶ፣ ስልኩ ቦታውን እንዲመዘግብ ፈቅዶ፣ ሮቤ ወይም ጎባ ሲደርሱ መጫን ይቻላል።