ብስክሌቱን እንዳለ ወይስ ፈትቶ በቦርሳ?

አውሮፓ ውስጥ በብስክሌት እየዞሩ ድንኳን ውስጥ ለማደር ሲታሰብ፣ ቀድሞ መወሰን ያለበት የባቡሩ ነገር ነው። ብስክሌቱን እንዳለ ይዞ በዝግተኛው? ወይስ ፈትቶ በፈጣኑ?

ለኔ ዝግተኛው ይበልጥብኛል። በጀርመን የክልል ባቡሮች አብዛኛውን ጊዜ ለብስክሌቱ ትኬት መቁረጥ ይበቃል፤ ቦታ አስቀድሞ መያዝ አይጠበቅም። ጎማ ቢተነፍስ ወይም ዝናብ ቢያስቆማችሁ ቀጣዩን ባቡር ትጠብቃላችሁ፣ አለቀ። ብቻ ባቡሩ ከመድረሱ በፊት የጎን ቦርሳዎቹን አውርዱ። ድንኳን የተጫነበትን ብስክሌት ደረጃ ላይ ማንሳት ወገብ ይቆርጣል። ሠራተኛ የሚበዛበትን ሰዓትም ሽሹ።

ፈጣኑ ሩቅ ቦታ በአንድ ቀን ያደርሳል። ቴዤቬ በሚባለው የፈረንሳይ ፈጣን ባቡር፣ ተፈትቶ 130 በ90 ሳንቲሜትር ቦርሳ ውስጥ የገባ ብስክሌት እንደ ሻንጣ ይቆጠራል። ሥራው ግን አለ። ጎማው ይወጣል፣ መሪው ይዞራል፣ ፔዳሉ ይፈታል። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ይህን ያላወቀ ባቡሩ እየመጣ ሲታገል ይቆያል። ሙሉ ብስክሌት የሚቀበሉ ፈጣን ባቡሮችም አሉ፤ ቦታቸው ግን ጥቂት ነውና ቶሎ ይያዛል።

ሌላው ጣጣ ብስክሌቱ ከወጣ በኋላ ባዶ የሚቀረው ቦርሳ ነው። ለምሳሌ ከጀርመኗ ፓሳው ከተማ የዳኑብን ወንዝ ይዞ ቪየና ድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መነሻና መድረሻው ስለሚለያይ ቦርሳውን የትም ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ መንገዱን ሙሉ ከድንኳኑ ጋር ተጭኖ ይከርማል። ለእንዲህ ያለው ጉዞ ዝግተኛውን ባቡር ያዙ።