ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ፦ ክፉውን ሰው ፈልጌ ያጣሁበት ፊልም

ይሄን ፊልም «ደን አትቁረጡ የሚል ካርቱን ነው» እያሉ የሚያወሩ ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የሚነግሯችሁ። እኔን ቁጭ ያረገኝ ደኑን የምታስጨፈጭፈው ሴትዮ ናት፣ ኤቦሺ የምትባለው።

ባጭሩ ታሪኩ፦ አሺታካ የሚባል ወጣት ልዑል መንደሩን ሊያጠፋ የመጣ ያበደ ግዙፍ ከርከሮ ይገድላል፣ ግን ከርከሮው ክንዱን ነክቶት እርግማን ያሲዘዋል፣ ቀስ እያለ የሚገድል እርግማን። ከሬሳው ውስጥ የብረት ጥይት ይገኛል። ከርከሮው አምላክ ነበር አሉ፣ ያሳበደው ያ ብረት ነው። ልጁም ፀጉሩን ቆርጦ፣ በሌሊት አጋዘኑ ላይ ወጥቶ ብረቱ የመጣበትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።

ሀያኦ ሚያዛኪ ነው የጻፈውም ዳይሬክት ያረገውም፣ የጃፓኑ ካርቱን ሰሪ ስቱዲዮ ጊብሊ በ1997 አወጣው፣ ታይታኒክ መጥቶ እስኪበልጠው ድረስ ጃፓን ሲኒማ ቤት ውስጥ እንደሱ ገንዘብ ያስገባ ፊልም አልነበረም። ጊዜው የሙሮማቺ ዘመን ነው (ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ያለው የጃፓን ታሪክ) ግን ሳሙራይ ሲፎክር አያለሁ ካላችሁ ትከፋላችሁ፣ ሰውዬው ሳሙራዮቹን ዳር አስይዞ መሀሉን ለብረት አቅላጮችና ለበሬ ነጂዎች ነው የሰጠው። አሺታካ ራሱ ከኤሚሺ ነው፣ የያማቶ መንግስት (የጥንቱ የጃፓን ማዕከላዊ መንግስት) ከድሮ ጀምሮ እየገፋ ያባረራቸው የሰሜን ምስራቅ ህዝቦች ናቸው፣ ስለዚህ ወደ ምዕራብ ሲሄድ በገዛ አገሩ እንግዳ ነው። ደኑን ለመሳል ደሞ ሰዓሊዎቹ ያኩሺማ ደሴት ድረስ ሄደው ነው ያዩት፣ እነዛ የጥንት የዝግባ ዛፎች ያሉበት፣ ሽበቱ (አረንጓዴ ሽበት ማለቴ ነው) ድንጋዩን ሁሉ የወረሰበት ቦታ። ስታዩት እርጥበቱ ይሸታችኋል።

ወደ ኤቦሺ ልመለስ። የብረት ከተማ አላት፣ ተራራውን ንዳ የብረት አሸዋ ታወጣለች፣ ዛፉን ቆርጣ ከሰል ታረገዋለች፣ ጠመንጃ ታሰራለች፣ አማልክቱን በጥይት ትላለች። በቃ ይቺ ናት ክፉዋ ብዬ ተመቻቸሁ። ከዛ ከተማዋ ውስጥ ትገባላችሁ። ግዙፉን ወናፍ እየዘፈኑ በእግራቸው የሚረግጡት ሴቶች ከሴተኛ አዳሪ ቤት እሷ ገዝታ ነፃ ያወጣቻቸው ናቸው፣ ወንዶቹን አፍ አያስከፍቷቸውም! ራት ላይ አንድ ሽማግሌ «ሴት ብረት ማቅለጫ ከገባች ብረቱን ታረክሳለች ይባል ነበር» ሲል ሰምታችሁ ደሞ ሴቶቹ የሚመልሱትን እዩ። ጓሮዋ ውስጥ ጠመንጃ የሚሰሩላት ደሞ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ናቸው። አሺታካ ሊገድላት ሲቃረብ፣ ሰውነቱ በሙሉ በፋሻ የተጠቀለለ ሽማግሌ ከተኛበት ሆኖ ይለምንላታል፣ እኛን እንደ ሰው ያየችን እሷ ብቻ ናት፣ የበሰበሰ ሥጋችንን አጥባ ያሰረችልን እሷ ናት ይለዋል። እዚህ ጋ ፊልሙን አቆምኩት። ጃፓን የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ለይቶ የሚያስቀምጠውን ህግ የሰረዘችው በ1996 ነው፣ ፊልሙ ሊወጣ አንድ አመት ሲቀረው ማለት ነው፣ እና ያ ትዕይንት እዛ አገር እንዲያው ለጌጥ የገባ አይደለም።

በሌላ በኩል ሳን አለች፣ ተኩላዎች ያሳደጓት ልጅ፣ ሰው መሆኗን የማትቀበል፣ እሷም እውነቷን ነው። ከርከሮዎቹም እውነታቸውን ነው፣ እየሞቱ መሆናቸውን እያወቁ ይገባሉ። የደኑ አምላክ ግን ከማንም ጋ አይወግንም፣ ሲራመድ እግሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ሳር ቅጠሉ ይበቅልና ወዲያው ይደርቃል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ። ህይወትና ሞት አንድ ላይ ነው የሚሰጥ፣ ይሄን ያለምንም ንግግር በእግር ኮቴ ብቻ ማሳየት ችሎታ ነው።

የማይመቸኝም አለ። አሺታካ ራሱ ትንሽ ደረቅ ነው፣ ሁሌ ትክክል፣ ሁሌ የተረጋጋ፣ ከሳን ጋ ያለው ፍቅርም በችኮላ የመጣ ነው የሚመስለው። መጨረሻው አካባቢ ደሞ አንድ መነኩሴ፣ ሳሙራዮቹ፣ ከርከሮዎቹ ሁሉም ባንዴ ሲተራመሱ ማን ከማን ጋ እንደሆነ ለመከተል ሁለቴ ማየት ያስፈልጋል። ቢሆንም ከዚህ ላይ ምንም አይቀነስ፤ ለአሜሪካ ሲሸጥ የጊብሊ ፕሮዲውሰር ቶሺዮ ሱዙኪ ለአከፋፋዩ ሰይፍ ሰጥቶት «መቁረጥ የለም» ብሎታል፣ ከ2 ሰዓት በላይ ቢሆንም ሳይቆረጥ ነው የወጣው።

ለትናንሽ ልጆች እንዳትከፍቱ፣ ገና መጀመሪያው ላይ በቀስት እጅና አንገት ይበራል። ከቻላችሁ በጃፓንኛው ከነ ሰብታይትሉ እዩት፣ የእናት ተኩላዋን ድምፅ የሰራው አኪሂሮ ሚዋ ወንድ ነው፣ እና ያ ወፍራም ድምፅ «ልጄ» ሲል የሚሰማው ነገር በሌላ ቋንቋ አልመጣልኝም።