የአባባን በገና ላዳነልን ልጅ ምስጋና (በገና የምታሠሩ አንብቡት)

ጾሙ ሳያልቅ ይሄን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ቅር ይለኛል ብዬ ነው የምጽፈው።

እኛ ቤት ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ስምንቱም እሑድ ማታ ዘመድ ይሰበሰባል። ወንድ አያቴ አባባ ነፍሱን ይማረውና ይደረድር ነበር፣ ሴት አያቴ እምዬ መዝሙሩን ታወጣለች፣ አክስቶቼ አጎቶቼ እኛም የልጅ ልጆቹ አዝማቹን እንቀበላለን፣ አሁን ደሞ የእኛም ልጆች ገብተውበት አራት ትውልድ ሆነናል። በገና ለብቻ ነው የሚደረደረው ይባላል፣ እኛ ቤት ግን እንደዚህ ነው የለመድነው። አባባ ካረፈ በኋላ ትልቁ አጎቴ ያዘው።

በ2016 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ያለው ቤታችን ሲፈርስ እቃው በጥድፊያ አይሱዙ ላይ ሲጫን በገናው ሶፋ ስር ገብቶ ተሰነጠቀ፣ አውታሩም ተበጠሰ። እኛም ገሚሳችን ገላን ጉራ ገሚሳችን አያት ተበታተንን፣ እምዬ ቀበና አክስቴ ጋር ገባች። ሁለት ጾም ያለ በገና አለፈ።

ለማሠራት ያልዞርንበት የለም። አንዱ ጋ ስንሄድ ሳያየው እንኳን "ይሄ አሮጌ ነው አዲስ ግዙ" አለን። ሌላው ቀብድ ተቀብሎ ሁለት ወር ነገ ዛሬ እያለ አመላልሶን ሲመልስልን ናይለን ክር ወጥሮበት ቫርኒሽ ቀብቶታል፣ ድምፁ ክራር ነው የሚመስለው፣ ያ እዝዝዝ የሚለው ነገር ጭራሽ የለም። እምዬ አንዴ ሰማችና "ይሄ የአባታችሁ አይደለም" ብላ ተነስታ ጓዳ ገባች። በጣም ነው የተቃጠልኩት፣ ብሩ አይደለም ያናደደኝ።

ከዛ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ልጅ አለ አለችኝ። ልጅ እግር ነው። በገናውን ተቀብሎ ዝም ብሎ ሲዳብሰው ቆየና "እንዚራውን አውጥተው ጥለውታል" አለኝ፣ አውታሩ ስር የሚገባ ትንንሽ ቆዳ ነው አሉ፣ እኔ ብዙም አልገባኝም። አውታሩንም ከአንጀት ነው የምሠራው ብሎ በአሥር ቀን ና አለኝ፣ በአሥረኛው ቀን እውነትም አልቋል!! እኔ ልከፍል ቦርሳዬን ሳወጣ "ማነው የሚዘምርበት?" አለኝ። አያቴ ናት ስለው "እንግዲያው እሳቸው ጋ ነው የሚቃኘው" ብሎ እሑድ ማታ በነጠላ ጠቅልሎ ቀበና ድረስ በእግሩ ይዞት መጣ።

ቤቱ ሙሉ ነው። ትንሽ ከደረደረ በኋላ "እማማ፣ እስኪ ያውጡልኝ" አላት። ጀመረች፣ አቃታት፣ አቆመች። "አይ ልጄ፣ ደክሞኛል፣ እነሱ ይዘምሩ" አለች። እሱ ግን ምንም ሳይል አሥሩንም አውታር አንድ በአንድ አላላ፣ እንደገና ያውጡ አላት፣ እንደገና አላላ። "በገናው ነው እርስዎን የሚከተለው" አላት። በሦስተኛው እምዬ ወጣላት። ወጣላት ነው የምላችሁ! ለካ እነዚህን ሁሉ ዓመታት እኛ ከፍ አድርገን ስንጀምር ድምፁ ስለማይደርስላት ከንፈሯን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው፣ ካጠገቧ ተቀምጠን አንዳችንም አላወቅንም። የሰማንያ አራት ዓመት ድምፅ ዝቅ ብሎ ከበገናው ጋር ሲሄድ፣ ሕፃናቱ ከላይ ሲቀበሏት፣ አጎቴ ያ ትልቅ ሰውዬ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። እኔማ ተዉኝ።

ለመጣበት ጨምረን ልንሰጠው ስንል የተስማማነውን ብቻ ቆጥሮ ወሰደ፣ የእምዬን ምርቃት ግን ጎንበስ ብሎ አሜን አሜን እያለ እስኪያልቅ ተቀበለ።

እባካችሁ በገና ያላችሁ፣ የአባት የአያት እቃ ተሰብሮ ጥግ ያስቀመጣችሁ፣ እሱ ጋ ውሰዱት። በየቦታው አትንከራተቱ፣ እኛ ተንከራተን አይተነዋል። ሳልጠይቀው ስሙንና ስልኩን እዚህ መለጠፍ አልፈለግኩም፣ ኢንቦክስ በሉኝ እሰጣችኋለሁ። ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆነ ስልክ አያነሳም፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ደውሉለት። ስትሄዱ ደሞ የሚዘምረውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።