ተጠቅላይ የቼዝ ሰሌዳ ከነጠጠሩና ከነሰዓቱ፦ ጎንደር ላይ ክረምትና በጋ ካለፈበት በኋላ

ከፍርዱ እንጀምር። ሰሌዳውና ጠጠሮቹ የተከፈለባቸውን ገንዘብ ያወጣሉ፤ በአንድ ከረጢት አብሮ የሚሸጠው ዲጂታል ሰዓት ግን አያወጣም። አልፎ አልፎ ለመጫወት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ስልኩ ይበቃዋል። የዚህ ዕቃ ጥቅም የሚታየው የታላላቅ ተጫዋቾችን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅ እያንቀሳቀሱ ሲያጠኑበት ነው።

ሰሌዳው አረንጓዴና ክሬም ቀለም ያለው ቪኒል ነው፤ ጎኑ 51 ሴንቲ ሜትር፣ የአንዱ ቤት ጎን 5.7 ሴንቲ ሜትር። ንጉሡ 9.5 ሴንቲ ሜትር ይቆማል። ይህ ቁመት የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ለውድድር ከሚመክረው ጋር ይገጥማል፤ የእሱ ልኬት ንግሥት 8.5፣ ጳጳስ 7፣ ፈረስ 6፣ ግንብ 5.5፣ ወታደር 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የቤቱ ጎን ከ5 እስከ 6 ነው። ሱቅ ውስጥ ማስመሪያ ለሌለው ቀላል መፈተኛ አለ፦ አራት ወታደሮች በአንድ ቤት ውስጥ ሳይወጡ መግባት አለባቸው። የዚህኛው ወታደር መቀመጫ 2.8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ልክክ ብለው ይገባሉ። ብዙዎቹ ርካሽ ስብስቦች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ጠጠሩ ወፍራም፣ ቤቱ ጠባብ ይሆንና መሐሉ ሲጨናነቅ የትኛው ወታደር የት እንደቆመ ዓይን ይስታል።

ጠጠሮቹ ውስጣቸው ብረት ስላለበት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጃንተከል አካባቢ በረንዳ ላይ እንኳ አይወድቁም። የሰሌዳው ጠርዝ ግን ይነሳል፤ አራቱ ማዕዘን ላይ የተበሉ ጠጠሮችን መደርደር ነው። የሰሌዳው ፊት የማያብለጨልጭ መሆኑ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ሲጠና ግን ዋጋው ይታወቃል። ብርሃኑን ከአናት ሳይሆን ከጎን ማድረግ ይሻላል፤ ያኔ የጠጠሩ ጥላ ረዘም ብሎ ጳጳስና ወታደር በቀላሉ ይለያሉ።

ቪኒሉ በክረምቱ ብርድ ይደርቃል፤ ሲዘረጋም ተመልሶ ይጠቀለላል። መፍትሔው ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ለ10 ደቂቃ ያህል ፀሐይ ላይ ማሞቅ፣ ከዚያ ከከባድ መጻሕፍት ሥር ማሳደር ነው። ካውያ አይነካውም፣ ይቀልጣል። ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ መርሳትም ጠርዙን ያወዛውዘዋል፣ ቀለሙንም ያነጣዋል። ሲጠቀለል ሥዕሉ ወደ ውጭ ይሁን፤ ያኔ ሲዘረጋ ጠርዙ ወደ ታች ያዘነብላል እንጂ ወደ ላይ አይነሳም። ቡና ከፈሰሰበት እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ስኳር ያለበት ሻይ ከሆነ ትንሽ ሳሙና ይጨመርበት። በረኪና የተከለከለ ነው።

በወራት ውስጥ ቀድሞ የሚበላሸው የጠጠሮቹ ሥር ጨርቅ ነው። ፋብሪካው የቀባው ሙጫ ስስ ስለሆነ መጀመሪያ የግንቦቹ፣ ቀጥሎ የንጉሦቹ ይላቀቃል። ጥገናው ቀላል ነው፦ አሮጌውን ሙጫ በምላጭ መፋቅ፣ በአልኮል መጥረግ፣ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ ጨርቁም ጠጠሩም ላይ በስሱ መቀባት፣ 10 ደቂቃ ያህል አቆይቶ ሲጣበቅ መጫን። ማስቲሹ ከወፈረ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ጨርቁን ድንጋይ ያደርገዋል፣ ጥቁሩ ጠጠር ላይም ነጭ ጉም ይተዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጭራሽ አይሞከር፤ አሴቶን ካለበት ፕላስቲኩን ያሟሟዋል። ጠጠሩ ሲነቀነቅ ኳ ኳ ካለ ብረቱ ተላቋል ማለት ነው፤ ጨርቁን አንስቶ ሁለቱ ተቀላቅለው በሚደርቁት ኤፖክሲ ማሰር ይፈታዋል። የሁለቱም ወገን ጠጠር በአንድ ከረጢት ከተጨመረ ከማራኪ አዘዞ በባጃጅ ሲጓዝ ይቧጨራል፤ ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ መያዝ ነው።

ስለ ሰዓቱ ጥሩ ነገር ለመጻፍ ይከብዳል። ማሸጊያው ላይ በየእርምጃው ሰከንድ እንደሚጨምር ተጽፏል። ይህ የቀድሞው የዓለም ቼዝ ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1989 ፓተንት ያገኘበት አሠራር ነው፤ ዛሬ 90 ደቂቃ ሲደመር በእርምጃ 30 ሰከንድ የሚባለው የውድድር ሰዓትም በእሱ ይሠራል። ዕቃው የሚሠራው ግን ሌላ ነው፤ ያሰቡበትን ያህል ብቻ ይመልሳል እንጂ ከነበረው በላይ አይጨምርም። ለመፈተን 5 ደቂቃና በየእርምጃው 10 ሰከንድ ጭማሪ ሞልቶ ሁለቱንም ወገን ቶሎ ቶሎ መጫን ነው፦ ከ5 ደቂቃ በላይ ከወጣ የፊሸር ነው፣ 5 ደቂቃው ላይ ከቆመ አይደለም። ባትሪ ድንጋዩ በተቀየረ ቁጥር የተሞላው ሁሉ ይጠፋል። ለሳምንታት የማይነካ ከሆነ ድንጋዩ ይውጣ፤ ፈሳሹ የብረት መንኪያውን ይበላዋል። አባቶች ሰንጠረዥ (የድሮውን የኢትዮጵያ ቼዝ) ሲጫወቱ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ያለ ተራ ስለሚያንቀሳቅሱ እንዲህ ያለ ሰዓት ቦታም አይኖረው ነበር።

ለጥናት ግን ይህ ሰዓት ይበቃል፤ ደቂቃ መቁጠር ብቻ ነው የሚፈለገው። ሥራው እንዲህ ነው። የጨዋታውን ጽሑፍ ደብተር ላይ መገልበጥ፣ ቀሪውን በወረቀት መሸፈን፣ በአሸናፊው ወገን መቀመጥ። የመጀመሪያዎቹ 8 ወይም 10 እርምጃዎች ሳይገመቱ ይደርደሩ። ከዚያ በየተራው እስከ 3 ደቂቃ አስቦ የራስን እርምጃ መጻፍ፣ ወረቀቱን አንድ መስመር ዝቅ ማድረግ፣ የተጫዋቹን እርምጃ ሰሌዳው ላይ ማኖር። ለተገጣጠመ 2 ነጥብ፤ ላልተገጣጠመ ግን ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለተጻፈ 1፤ ያለ ምክንያት ለተገመተ ዜሮ። በስልክ ይህን ማድረግ የሚያስቸግረው ጣት ስለሚቸኩል ነው፤ ቀጣዩ እርምጃ አንድ ንክኪ ብቻ ይርቃል። እጅ ጠጠር አንስቶ እስኪያስቀምጥ ድረስ አእምሮ ትንሽ ጊዜ ያገኛል። የተቃራኒው ወገን እርምጃም ሰሌዳው ላይ በእጅ ስለሚደረግ ዓይን ሙሉውን ሰሌዳ ማየት ይለምዳል፤ ረጅም ሰያፍ መስመር ላይ ወደ ኋላ የሚመለስ ጳጳስ ስልክ ላይ ብቻ የለመደ ዓይን የሚስተው ነገር ነው።

መነሻው ፖል ሞርፊ እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ኦፔራ ቤት የተጫወተው ባለ 17 እርምጃ ጨዋታ ይሁን፤ ጠጠርን ቶሎ ማውጣት ምን እንደሚያተርፍ ከዚህ ያጠረ ማስረጃ የለም። ቀጥሎ ካፓብላንካ ከታርታኮወር፣ ኒው ዮርክ 1924። 35ኛው እርምጃ ላይ ወረቀቱን ሳያነሡ ከ3 ደቂቃ በላይ መቆየት ይፈቀዳል። አብዛኛው ሰው ሲ3 (ከነጩ በኩል ሲታይ ከግራ ሦስተኛው ቁም መስመር፣ ከታች ሦስተኛው ቤት) ላይ ያለውን ወታደር ለማዳን ግንቡን ወደ ኋላ ይመልሳል። ካፓብላንካ ግንቡን ኤች7 ላይ ትቶ ንጉሡን ጂ3 ያወጣል። ጥቁሩ ግንብ ሲ3ን በቼክ ይበላል፣ ንጉሡ ኤች4 ይሄዳል፤ ኤፍ4ም በቼክ ይበላል፣ ንጉሡ ጂ5፣ ከዚያ ኤፍ6 ይገባል። ኤፍ5 ላይ ያለውን ጥቁር ወታደር በእጁ እያለ አይበላውም፤ ያ ወታደር ራሱ ከኋላ የሚመጣውን የጥቁሩን ግንብ ቼክ ይጋርድለታል። ከንጉሦቹ ሌላ ግንብና ወታደር ብቻ በቀረበት የጨዋታ መጨረሻ ላይ ንጉሥና ግንብ መሥራታቸው ከወታደር ቁጥር እንደሚበልጥ የሚገባው ይህን በእጅ ሲያንቀሳቅሱ ነው።

ሦስተኛው ካርፖቭ ከኡንዚከር፣ ኒስ 1974 ነው። 24ኛው እርምጃ ላይ ነጩ ጳጳስ ኤ7 ላይ ይቀመጣል። ምንም አያጠቃም፤ ግን የ«ኤ» መስመርን ይዘጋል። ጥቁር ግንቦቹን መለዋወጥ አይችልም፣ ነጭ ደግሞ ከጳጳሱ ጀርባ ግንቦቹን ደርድሮ መስመሩን በፈለገበት ሰዓት ይከፍታል። ይህን እርምጃ የገመተ ሰው ካለ 2 ነጥብ አይበቃውም። ጠጠር እየሠዋ በማጥቃት የታወቀው የሚካኤል ታል ጨዋታዎች ለኋላ ይቆዩ፤ ስሌቱ ያልደረሰለት ጀማሪ ከእነሱ የሚማረው ጠጠር መጣልን ነው።

ከጨዋታው በኋላ ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚገኘውን ስቶክፊሽ የተባለ እርምጃ አስሊ ፕሮግራም (ሞተር) መክፈት ይቻላል፤ ለዜሮ ነጥብ ቦታዎች ብቻ። ሞተሩን አስቀድሞ የከፈተ ሰው ሰሌዳውን ባይዘረጋውም ያው ነው።

ለሚገዛ፦ ጠጠሮቹ 34 መሆን አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ተጨማሪ ንግሥት አለ። እያንዳንዱን ጆሮ አጠገብ ነቅንቆ ማዳመጥ፣ የፈረሶቹን ጆሮና የንጉሦቹን መስቀል ማየት፣ ሰሌዳውንም ባለሱቁ ፊት ዘርግቶ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ማረጋገጥ። ሰዓቱ ተለይቶ የሚቀር ከሆነ ዋጋው እንዲቀነስ መጠየቅ ነው።