የፕላስቲክ ልብ ስትገዙ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ

የሕክምና መጻሕፍትና የቤተ ሙከራ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ መደርደሪያው ላይ አንድ አይጠፋም፦ መቆሚያ ላይ የተተከለ፣ ቀይና ሰማያዊ የተቀባ፣ ፊቱ በማግኔት ተያይዞ የሚከፈት የፕላስቲክ ልብ። ባለ ሁለት ክፍል ይሉታል። የጤና ሳይንስ ተማሪውም፣ የባዮሎጂ አስተማሪውም፣ ለታማሚ ማስረጃ መሣሪያ የሚፈልገው ክሊኒክም የሚገዛው ይህንኑ ነው። ማርካው ቢለያይም ቅርጹ ተቀራራቢ ስለሆነ እዚህ የሚገመገመው ዓይነቱ ነው እንጂ አንድ ፋብሪካ አይደለም። ፍርዱን ከወዲሁ እናስቀምጠው፦ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ለማጥናት ከመጽሐፍ ሥዕል እጅግ ይሻላል፤ ቫልቭ (የደሙን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው በር) እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ግን ከአንድ የበግ ልብ ጋር አይወዳደርም።

ሻጩ ፊቱን ከፍቶ ያሳያችኋል። እናንተ ጀርባውን አዙሩት። የሞዴል ጥራት የሚታወቀው እዚያ ነው፤ ቸኩሎ የሠራ ፋብሪካ ገዢው የማያየውን ቦታ ያድበሰብሳል። ከሳንባ የሚመለሱት ደም መልሶች አራት ናቸው፣ ሁለት ከቀኝ፣ ሁለት ከግራ፤ አራቱም የሚገቡት ግራ ኤትሪየም (ደም ተቀባዩ የላይኛው የግራ ክፍል) ውስጥ ነው። አራት ቀዳዳ ቁጠሩ። ሁለት ብቻ ካገኛችሁ፣ ወይም በቀዳዳ ፋንታ ቀይ የተቀባ ጉብታ ካያችሁ፣ መልሳችሁ አስቀምጡት። ቀጥሎ ከአዎርታው (ከልብ ወደ ሰውነት ደም ከሚወስደው ትልቁ ደም ቅዳ) ቅስት የሚነሱትን ቅርንጫፎች ቁጠሩ፤ ሦስት መሆን አለባቸው። በቅስቱና በሥሩ በሚያልፈው የሳንባ ደም ቅዳ መሀል አጭር ጅማት ከተሠራ ሠሪው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። ይህች ጅማት ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ደም ሳንባን ዘሎ እንዲያልፍ ክፍት የነበረች ቧንቧ ናት፤ ከተወለደ በኋላ ባሉት ቀናት ተዘግታ ትደርቃለች። አልዘጋ ስትል ነው የሕፃናት የልብ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው።

አሁን ክፈቱት። መጀመሪያ የሁለቱን ቬንትሪክሎች (ደም የሚገፉት የታችኞቹ ክፍሎች) ግድግዳ ውፍረት አስተያዩ። የግራው በአዋቂ ሰው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የቀኙ የዚያ ሢሶ ቢሆን ነው። ሁለቱም በአንድ ምት የሚገፉት የደም መጠን እኩል ነው፣ ዕረፍት ላይ ባለ ሰው 70 ሚሊ ሊትር አካባቢ፤ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ 5 ሊትር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ የሚገፉበት ርቀትና የሚገጥማቸው ግፊት ነው። ቀኙ ጎረቤቱ ላለው ሳንባ ስለሚልክ በ25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ይበቃዋል፤ ግራው እስከ እግር ጣት ለማድረስ 120 ያስፈልገዋል። ሁለቱን ግድግዳ እኩል አድርጎ የሠራ ሞዴል ይህን ሁሉ ትምህርት ያበላሻል፤ ቢረክስም አትግዙት።

በሁለቱ ኤትሪየሞች መሀል ባለው ግድግዳ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ የአውራ ጣት አሻራ የመሰለ ጎድጎድ ያለ ቦታ ፈልጉ። የማኅፀን ዘመን በር ናት። ከአራት ሰው በአንዱ ሙሉ በሙሉ ሳትገጥም ትቀራለች፣ አብዛኛው ሰውም ሳያውቃት ዕድሜውን ይጨርሳል።

ቀለሙ ተማሪን ያሳስታል። ቀይ ኦክስጅን የያዘ ደም፣ ሰማያዊ ያልያዘ ማለት ነው እንጂ ቀይ ደም ቅዳ፣ ሰማያዊ ደም መልስ ማለት አይደለም። የሳንባ ደም ቅዳ ሰማያዊ ነው፤ የሳንባ ደም መልሶች ቀይ ናቸው። አማርኛው ራሱ መልሱን ይዟል፦ ከልብ ቀድቶ የሚወስድ ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልስ መልስ። ክፍል ውስጥ ቀለሙን ከማስረዳት በፊት ስሙን ማስረዳት ግማሹን ጥያቄ ያስቀራል። ደሙም በእውነት ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም፤ ደብዛዛ ቀይ ነው።

የዚህ ሞዴል ትልቁ ብርታት ከላይ የተዘረጉት የኮሮናሪ ደም ሥሮች ናቸው። ልብ በውስጡ ከሚያልፈው ደም አይጠጣም፤ የራሱን ድርሻ የሚቀበለው ልክ ከአዎርታ ቫልቭ በላይ ካሉ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ነው። ከግራው የሚነሳው ግንድ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በፊት ለፊት በሁለቱ ቬንትሪክሎች መካከል ባለው ቦይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሌላው በግራ ጠርዝ ዞሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። የቀኙ በቀኝ ጠርዝ ዞሮ በብዙ ሰው የጀርባውን ታችኛ ክፍል ይመግባል። ጣትን በፊተኛው ቅርንጫፍ ላይ እያስኬዱ «እዚህ ቢዘጋ ከዚህ በታች ያለው ጡንቻ ይሞታል» ብሎ ለታማሚ ማሳየት የሚቻለው በዚህ ሞዴል ነው፤ በወረቀት ሥዕል ያን ያህል አይገባም። ቅርንጫፎቹ ከፍ ብለው የተሠሩ እንጂ በቀለም ብቻ የተሰመሩ አለመሆናቸውን በጣት ዳስሱ። የተሰመረው በጥቂት ወር ይጠፋል።

መቆሚያው ግን ያሳስታል። ልቡን እንደ ጽዋ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። በደረታችን ውስጥ ልብ የተጋደመ ነው፦ ሹሉ ጫፍ ወደ ግራ፣ ወደ ፊትና ወደ ታች ያመለክታል፣ ከአጠቃላዩም ሁለት ሦስተኛው ከደረት መሀል መስመር በግራ ይውላል። «ቀኝ ልብ» የሚባለው በአብዛኛው ፊት ለፊት ነው፣ ከደረት አጥንቱ ጀርባ፤ ግራ ኤትሪየም ደግሞ የመጨረሻ ኋላ ሆኖ የምግብ ቧንቧን ይነካል። በአፍ በሚገባ ቱቦ የልብ አልትራሳውንድ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሞዴሉን ከመቆሚያው አውጡትና ደረታችሁ ላይ ያዙት፤ ጫፉን በግራ በኩል አምስተኛውና ስድስተኛው የጎድን አጥንት መሀል፣ ከአንገት አጥንቱ መሀል ቁልቁል በሚወርደው መስመር ላይ አሳርፉት። የሞዴሉ ግራ የያዘው ሰው ግራ ይሆናል፤ የግራና የቀኝ ክርክር እዚያው ያልቃል።

ወደ ቫልቮቹ ስንመጣ ነገሩ ይከፋል። ሚትራል፣ ማለትም በግራ ኤትሪየምና በግራ ቬንትሪክል መሀል ያለው ቫልቭ፣ ሁለት ከንፈር፣ ሌሎቹ ሦስቱ ቫልቮች ሦስት ሦስት ከንፈር እንዳላቸው በጥሩ ሞዴል ላይ መቁጠር ይቻላል። ግን ሁሉም ግግር ፕላስቲክ ናቸው፤ አይከፈቱም፣ አይዘጉም። ከንፈሮቹን ከታች የሚይዙት ጅማቶችም ወይ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው የተቀረጹ ጉብታዎች ናቸው፣ ወይ ቀድመው የሚሰበሩ ቀጫጭን ክሮች። ይህ በእኛ አገር ቀላል ጉድለት አይደለም፤ የወጣቱን ልብ ከሚጎዱት ሕመሞች ግንባር ቀደሙ ሩማቲክ ስለሆነና እሱም በዋናነት ሚትራልን ስለሚያጠቃ። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ በትክክለኛ መድኃኒት ካልታከመ፣ በአንዳንዱ ልጅ ሰውነቱ ለባክቴሪያው ያሰለፈው መከላከያ ዞሮ የራሱን ቫልቭ ይወጋል። (እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም።) ከንፈሮቹ ይወፍራሉ፣ ጠርዛቸው ይጣበቃል፣ ጅማቶቹ ያጥራሉ። ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር የነበረው መክፈቻ 1.5 እና ከዚያ በታች ሲደርስ ከባድ ጥበት ይባላል፤ ደሙ ወደ ሳንባ ይጠራቀማል፣ ሰውየው በጀርባው መተኛት ያቅተዋል። በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚወጋው የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ለምን እንደማይቋረጥ፣ ማለትም እያንዳንዱ አዲስ የስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮ ሕመም ጠባሳው ላይ ጠባሳ ሊጨምር እንደሚችል፣ በግግር ቫልቭ ማስረዳት አይቻልም።

ለዚህ የበግ ልብ ይግዙ፣ ወይም ለበዓል ሲታረድ ያስቀሩ። የበሬው ትልቅ ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን በቄራ የሥጋ መርማሪ የኮሶ ትል እጭ ለመፈለግ ልቡን በቢላ ስለሚሰነጥቀው ቫልቩ ተቆርጦ ሊደርሳችሁ ይችላል። ሥጋ ቆራጩን «ደም ሥሮቹን ከሥር አትቁረጥብኝ፣ አራት ጣት ያህል ተውልኝ» በሉት። ከታረደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጡንቻው ስለሚገተር ለመጭመቅ ያስቸግራል፤ ፍሪጅ አድሮ ሲለሰልስ ይሻላል። ጓንት አድርጉ፣ የወጥ መክተፊያ አትጠቀሙ።

በቀዝቃዛ ውኃ እያጠባችሁ የረጋውን ደም በጣት አውጡ። ይህን የዘለለ ሰው ቫልቩ አልዘጋ ሲለው በጉን ያማል፤ ጥፋቱ ከንፈሮቹ መሀል የተሰነቀረው የረጋ ደም ነው። ሁለቱን ጎኖች በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉ፤ ጠንከር ያለው ግራው ነው። ከመሀል የሚወጣው ወፍራምና ነጣ ያለ ቧንቧ አዎርታ ነው። በበግ ቅስቱ ላይ ቅርንጫፉ አንድ ብቻ ነው፣ እንደ ሰው ሦስት አይደለም፤ ተማሪ እንዳይደናገር አስቀድማችሁ ንገሩት። አዎርታውን ወደ ላይ አቁማችሁ ውኃ ቀስ እያላችሁ ሙሉበት። ሦስቱ ከንፈሮች እንደ ኪስ ሞልተው ይገጥማሉ፣ ውኃውም ይቆማል። ቀስ እያለ ከወረደ አትደንግጡ፤ ከቫልቩ በላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ወደ ኮሮናሪው እየገባ ነው። የግራው የልብ ጡንቻ በአብዛኛው የሚመገበው ልብ ሲዘረጋ፣ የአዎርታ ቫልቭ ሲዘጋ፣ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

ከዚያ ግራ ኤትሪየሙን በመቀስ ከላይ ክፈቱና ቬንትሪክሉን በውኃ ሙሉት። አዎርታውን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ቬንትሪክሉን በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ጭመቁ። ሁለቱ የሚትራል ከንፈሮች ተንሳፍፈው ይነሱና ይገጥማሉ፤ ውኃው አይመለስም። ልቡ «ድም» ብሎ የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ይህ መዘጋት ነው፤ ሁለተኛው የአዎርታውና የሳንባው ነው። አሁን የመቀሱን ጫፍ በከንፈሮቹ መሀል አስገብታችሁ ከጅማቶቹ ሦስት አራቱን ቁረጡና እንደገና ጭመቁ። ከንፈሩ ወደ ኤትሪየሙ ይገለበጣል፣ ውኃው ወደ ላይ ይፈልቃል። ጅማቶቹ ቫልቩን ስበው ይከፍታሉ የሚለው የተለመደ ስሕተት በዚህች አንድ ጭመቃ ይታረማል፤ ሥራቸው እንዳይገለበጥ መያዝ ነው። በመጨረሻ የቬንትሪክሉን ውጫዊ ጎን እስከ ጫፉ ሰንጥቁት፤ ከሁለት ጡት መሰል ጡንቻዎች ተነስተው ወደ ከንፈሮቹ እንደ በገና አውታር የተወጠሩትን የቀሩትን ጅማቶች ታያላችሁ። ስትጨርሱ ለውሻ አትጣሉ፣ በተለይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁበት፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ወደ ፕላስቲኩ እንመለስ። ልብን የሚያስመታው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚሄድበት መስመር አብዛኛው ባለ ሁለት ክፍል ሞዴል ላይ የለም። በቋሚ ማርከር ራሳችሁ ጨምሩት፦ የላይኛው ቬና ካቫ (ከላይኛው የሰውነት ክፍል ደም የሚመልሰው ትልቅ ደም መልስ) ከቀኝ ኤትሪየም ጋር በሚገናኝበት አንድ ነጥብ፣ ከኤትሪየሞቹ መሀል ግድግዳ ግርጌ ሁለተኛ ነጥብ፣ ከዚያ በቬንትሪክሎቹ መሀል ግድግዳ ወርዶ ለሁለት የሚከፈል መስመር። ሁለተኛው ነጥብ ላይ ምልክቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይዘገያል፤ ኤትሪየሞቹ ጨምቀው እስኪጨርሱ ነው።

ቶሎ የሚበላሸው ማግኔቱ ነው፤ ሙጫው ይለቅና ይወድቃል። መልሳችሁ ከማጣበቃችሁ በፊት ከጓደኛው ጋር እንደሚሳሳብ ፈትሹ፤ ተገልብጦ ከተጣበቀ ፊቱ በተዘጋ ቁጥር ይገፋል፣ ነቅሎ ማውጣቱም ፕላስቲኩን ይሰብራል። ማጽጃው ለብ ያለ የሳሙና ውኃና ጨርቅ ነው፤ አሴቶን ቀለሙን ያነሳል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጡት።

ስለ መጠኑ፦ ለክሊኒክ በተፈጥሮ ልክ የተሠራው ይበቃል፤ የአዋቂ ልብ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ ታማሚውም ከቡጢው ጋር ሊያስተያየው ይችላል። ብዙ ተማሪ ላለበት ክፍል ግን ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ አይታይም፤ በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ የተሠራውን ፈልጉ፣ ካልሆነም ትንሹን በየጠረጴዛው አዙሩት። የቁጥር ማውጫው ወረቀት ከሞዴሉ ቀድሞ ይጠፋልና ከሱቁ ሳትወጡ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ የክፍሎቹን ስም በአማርኛ ጽፋችሁም መቆሚያው ሥር ለጥፉት።