ለክረምት ሐይቅ ዳር የሚሆን ድንኳን፦ ባለሁለት ንብርብሩ እንዴት ነው?

ድንኳን ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ «ውሃ አያስገባም» የሚለውን ነው። ይሄ የሁለት ሰው ድንኳን እውነትም አያስገባም። የውጭ ሽፋኑ ፖሊስተር ነው፤ 3000 ሚሊሜትር የሚል ተጽፎበታል። ጨርቁ 3 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ እስኪጫነው ድረስ አያሳልፍም ማለት ነው። ስፌቶቹም ከውስጥ በቴፕ ታሽገዋል። ውጭ ዶፉ ሲወርድ ጣቴን በስፌቱ ላይ እያስኬድኩ ፈተሽኩት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። በክረምት ሐይቅ ዳር ትልቁ ጣጣ ከውስጥ የሚመጣው እርጥበት ነው። አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። የሁለት ሰው ትንፋሽ ሲጨመርበት፣ ሌሊት የቀዘቀዘው ጨርቅ ላይ ያርፍና ጠብታ ይሆናል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ድንኳኑ ያፈሰሰ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ንብርብሮች ዋጋቸው የሚታየው። በውጭው ሽፋንና በውስጡ መረብ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት አለ። ጠዋት ሽፋኑን ከውስጥ በኩል በመዳፌ ስጠርገው እጄ ራሰ፤ የመኝታ ከረጢቴ ግን ደረቅ ነበር። ላይኛው የአየር መግቢያ ክዳን ስላለው ወጨፎ ሲመጣም አልዘጋሁትም። እናንተም አትዝጉት።

የማልወድለት አተካከሉን ነው። መጀመሪያ የሚቆመው መረቡ ነው፤ ሽፋኑ የሚለብሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናብ ከቀደማችሁ ወለሉ ውሃ ይቋጥራል። የሚወለውል ደረቅ ጨርቅ በቅርብ መያዝ የግድ ነው።

ካስማዎቹም ቀጫጭን ናቸው። ጠንካራ መሬት ላይ ምንም አይሉም፣ የራሰ አሸዋ ላይ ግን ነፋስ ሲመጣ ይነቀላሉ። ረዘም፣ ሰፋ ያሉ ካስማዎች ለብቻ ግዙ። ከሥር ላስቲክ የምታነጥፉ ከሆነ ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፉት። ወጣ ካለ ከሽፋኑ የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ እናንተ ሥር ያስገባዋል።

የትኛውም ድንኳን ግን የቦታ ምርጫን አይተካም። ከዳርቻው ራቅ፣ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። ከሐይቁ በላይ ባለው አገር የዘነበ ዝናብ ሐይቁን ሊሞላው ይችላል፤ በደረቀ የጎርፍ መውረጃም ጎርፍ ሊነሳ ይችላል።

ቤት ስትገቡ ሳታደርቁት ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት። ይሻግታል፣ ውሃ የሚከላከለው ቅቡም እየተላጠ ይሄዳል። እኔ ጥላ ሥር ዘርግቼ አደርቀዋለሁ፤ ፀሐይም ጨርቁን ይጎዳዋል።