ኮፒ ሰዓትን ለጥገና ወደ ውጭ መላክ፦ ከደብረ ብርሃን አያዋጣም

ከውጭ አገር የገዛችሁት ኮፒ ሰዓት (የታዋቂ ብራንድ አስመስሎ የተሠራ) ሲበላሽ ሻጩ «ዋስትና አለው፣ መልሱልን» ቢልም መጀመሪያ ብልሽቱን ለዩ። አውቶማቲክ ሰዓት (በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ) በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ብዙ ጊዜ ማግኔት ነክቶት ነው፤ ፀጉር የምታክለው ስፕሪንግ ጥቅልሎቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ማግኔት ማጥፊያ ያለው ሰዓት ሠሪ በደቂቃ ይጨርሰዋል። የሚቆም ከሆነ በጎኑ ያለችውን መሙያ ከ20 እስከ 30 ጊዜ አዙራችሁ አንድ ቀን ተከታተሉት።

ማሽኑ ራሱ ከሞተ፣ መላኩ የባሰ ጣጣ አለው። የዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት አስመስሎ የተሠራን ዕቃ በፖስታ መላክ ይከለክላል፤ ጉምሩክ ከያዘው ሰዓቱም የመላኪያውም ገንዘብ ቀረ ማለት ነው። ደግሞም የርካሽ ሰዓት ማሽን በአብዛኛው ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። ለዚያ 130 ኪሎ ሜትር ወርዶ አዲስ አበባ ማስቀየር ይሻላል። ክዳኑን አስከፍታችሁ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያዙ፤ ለምሳሌ ሚዮታ 8215 (የጃፓን ሠራሽ ማሽን ስምና ቁጥር) ከሆነ ያንኑ ጠይቁ። ቁጥሩ ከተለየ የቀኑ መስኮት ቦታ፣ የጠቋሚዎቹ ቀዳዳና የመሙያው ዘንግ ርዝመት ላይገጥሙ ይችላሉ።

ክዳኑ ሲዘጋ ከሥሩ ያለችውን ጥቁር የጎማ ቀለበት በዓይናችሁ እዩ። ከተጣመመች እርጥበት ይገባል፤ የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ደግሞ መስታወቱን ከውስጥ ያላብሰዋል።